አባት ቤት ደሞዝ አይጠየቅም

(ድሬዳዋ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁ ቬንትሌተር ሥር ጋደም ማለት ስትችሉ እዚህ መጥታችሁ ተጠጋግታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ካልተሰማችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ። የድሬ ልጅ እንደማያፍር አውቃለሁ።

ርዕሱ የለመዳችሁት ነው። እግዚአብሔር አባት ነው። ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ገና አፋችንን ስንፈታ «አባታችን ሆይ» አስብለውናል። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም በዚህ አይጣላም። ስለዚህ አባትነቱን ላስረዳችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ሌላ ነገር ይዤ ነው። በአፋችን አባት እያልነው፣ በኑሯችን ግን እንደ ቀጣሪ ነው የምናየው።

ምልክቱን ልንገራችሁ። ሳምንት ሙሉ ሳትጸልይ ቆየህ፣ ከዚያ ፈተና ወደቅህ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ ምንድን ነው? «ስላልጸለይኩ ነው።» ሌላው ደግሞ ጾሙን አንድም ቀን ሳያጎድል ጾሞ ሥራ አላገኘም። እሱስ ምን ይላል? «እኔ የሚጠበቅብኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ ታዲያ ምን አጎደልኩ?» አንደኛው ራሱን ይወቅሳል፣ ሌላኛው እግዚአብሔርን። ሁለቱም ግን በልባቸው የያዙት አንድ ዓይነት አምላክ ነው፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት እየመዘገበ ወር ሲሞላ የሚከፍል፣ የቀረ ሰው ካለ የሚቆርጥ አምላክ።

ሉቃስ 15ን አውጡልኝ። ስለጠፋው ልጅ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ሙሉውን አልተርክም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም እንበል።

ትንሹ ልጅ ገንዘቡን በልቶ ጨርሷል። የሰው እሪያ እየጠበቀ ርቦታል። ወደ ቤት ልመለስ ሲል ለአባቱ የሚላትን ንግግር አዘጋጀ። ሦስት ነገር ናት። በድያለሁ። ልጅህ ልባል አይገባኝም። ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ሦስተኛዋን ልብ በሉ፣ ቅጠረኝ ነው የሚለው። ልጅነቱ ቢቀርብኝ በደሞዝ ልኑር እያለ ነው። አሁን ወደ ቁጥር 21 ውረዱ። አባቱ ፊት ቆሟል። በድያለሁ አለ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም አለ፣ ሦስተኛዋ ግን የለችም። አባትየው ወደ አገልጋዮቹ ዞሮ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ጫማ አምጡ፣ ፍሪዳውን እረዱ እያለ ነው። የሥራ ማመልከቻዋ ሳትነበብ ቀረች።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። አባትየው ሮጠ ይላል። እስቲ በእኛ አገር አስቡት። ሰፈር የሚያከብረው፣ ሽርጡን አገልድሞ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ነፋስ የሚቀበል ትልቅ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ይሮጣል? ሽርጥ ታጥቆ መሮጥ እንኳን ለሽማግሌ ለጎረምሳም አይመችም፣ ሰብስቦ መያዝ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ቅልጥም ይታያል፣ ከዚያ ሰፈሩ ይስቃል። ይሄ ሰው ግን ሰው ምን ይለኛል አላለም። ያውም የሚሮጠው ገና በሕይወት እያለ ውርሴን ስጠኝ ላለው ልጅ ነው።

ከዚያ ታላቁ ልጅ ከእርሻ መጣ። የዘፈን ድምፅ ሰምቶ ነገሩን ጠየቀ፣ ሲነግሩት ተቆጣ፣ አልገባም አለ። አባቱ ወጥቶ ሲለምነው የሰጠው መልስ ይኸውላችሁ፤ ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ፣ ከትእዛዝህ አልወጣሁም፣ አንድ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም። ይሄ ምን ዓይነት ንግግር ነው? ልጅ ከአባቱ ጋር እንዲህ ያወራል? ይሄ የሠራተኛ ማኅበር አቤቱታ ነው። የአገልግሎት ዘመን አለው፣ የዲሲፕሊን ጉድለት እንደሌለበት ጠቅሷል፣ ያልተከፈለ ጥቅማ ጥቅም አለው።

ወደ ቁጥር 12 ደግሞ ተመለሱ። አባትየው ገንዘቡን «አካፈላቸው» ይላል። ለሁለቱም ማለት ነው። በዘዳግም 21 ሕግ ደግሞ በኩር ሁለት እጥፍ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ያ ቅሬታ የሚያቀርበው ሰውዬ ከወንድሙ የሚበልጠውን ድርሻ ይዟል። የጠየቃት ጥቦት የራሱ ናት! ልክ እንደ ትንሹ ወንድሙ በልቶ አልጨረሰም እንጂ። ግን አንድም ቀን የኔ ናት ብሎ አርዷት አያውቅም። እየጠበቀ ነበር፣ እንዲፈቀድለት፣ እንዲጸድቅለት።

ትንሹ በሐፍረት ቅጠረኝ አለ። ታላቁ በኩራት ክፈለኝ አለ። አባትየው ሁለቱንም አልሰማም። ለአንዱ ቀለበት አደረገለት፣ ለሌላው «ልጄ ሆይ፣ ለእኔ የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» አለው። ዛሬ የምለው ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ ይሄ አባት ሠራተኛ አይፈልግም።

ለእኛ ይሄ የሚከብደን ይመስለኛል። ይቺ ከተማ የደሞዝ ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ ኖሮ ድሬ የምትባል ከተማ ባልኖረች ነበር። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶቿን ያገኘችው ከባቡሩ ነው። ምድር ባቡር፣ ኮተኒ የምንለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ሁሉም ቤት ውስጥ አንድ ደሞዝተኛ ነበር። ደግሞም ጥሩ ነው፣ ስንቱ ቤት በዚያ ደሞዝ ልጅ አስተምሯል። ግን የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ማታ ከአባቱ ጋር ገበታ ሲቀርብ የሥራ መታወቂያ አሳይ ተብሎ አያውቅም። አባትየው ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው፣ ልጁ ለአባቱ ልጅ ነው። እኛ ግን ገበታው ላይ ተቀምጠን መታወቂያ ፍለጋ ኪሳችንን እንዳብሳለን።

አንድ ነገር ቶሎ ልበል፣ ምክንያቱም ከመካከላችሁ «አባት» ሲባል ደረቱ የሚጠብበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አባቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ የቀረ አለ። አባቱ እቤት እያለ ከሰዓት በኋላው ሁሉ በጫት የሚያልቅ አለ። አባቱ የሚመታው አለ። እንዲህ ላለው ሰው «እግዚአብሔር እንደ አባትህ ይወድሃል» ብትለው ምን ያደርግለታል? ኢየሱስ ራሱ አባቶችን አላሽሞነሞነም። ማቴዎስ 7 ላይ ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጥ ማን ነው ካለ በኋላ፣ «እናንተ ክፉዎች ስትሆኑ» ብሎ ነው የቀጠለው። ክፉዎች አለን እንግዲህ፣ ፊት ለፊት። ምድራዊ አባት መለኪያ አይደለም። ኤፌሶን 3 እንደሚለው አባትነት የተሰየመው ከእርሱ ነው። ስለዚህ አባትህ የበደለህ ሰው ከሆንክ፣ እግዚአብሔርን በእሱ አትለካው፤ እሱን ግን በእግዚአብሔር ልትለካው መብት አለህ። የተደረገብህ ነገር ልክ አልነበረም ለማለት ድፍረት የምታገኘው ከዚያ ነው። ኢሳይያስ 49 ደግሞ እናት እንኳ የጡት ልጇን ብትረሳ እኔ አልረሳህም ይላል። ይሄን እዚህ እንተወውና በኋላ ለብቻችን መነጋገር የሚፈልግ ካለ አለሁ።

ወደ ደግነቱ ልሂድ። ማቴዎስ 5 ላይ አባታችሁ ፀሐዩን በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ያወጣል ይላል። (ፀሐይ ተነፍገናል የሚል ቅሬታ ድሬ ላይ እንደማይቀርብ አውቃለሁ።) ዝናቡንም እንዲሁ። አያችሁ፣ ስጦታው ከጸሎታችን በፊት ነው የሚጀምረው። የማይጸልየውም ሰው ላይ ነው የሚዘንበው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እግዚአብሔርን አባት ብለው አይጠሩም፣ ይሄ በእምነታችን መካከል ያለ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ አለባብሼ አላልፈውም። ግን በእጁ ነው ያለነው ብሎ ማደርን አንዳንዴ ከእነሱ ብንማር አይጎዳንም። ድሬ ላይ ክርስቲያኑም ኢንሻላህ ይል የለ እንዴ?

ማቴዎስ 20 ደግሞ የበለጠ ያበሳጫል። ባለ ወይኑ ጠዋት በአንድ ዲናር ሠራተኛ ቀጠረ። በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ሌሎች ጨመረ። ማታ ለሁሉም አንድ ዲናር ከፈለ። ሰዓቱ እንደ እኛው አቆጣጠር ነው፣ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። ጠዋት መንገድ ዳር አካፋውን ይዞ የሚቆም የቀን ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እስከ 11 ሰዓት ማንም ሳይወስደው የቆመው ሰው ሰነፍ አይደለም። ማንም አልቀጠረኝም ብሎ ራሱ ተናግሯል። ሽማግሌ ይሆናል፣ ታማሚ ይሆናል፣ ብቻ የማይፈለግ ሰው ነው። ቤቱ የሚበሉ አፎች ግን እንደማንኛውም ሰው ናቸው። ባለ ወይኑ የቆጠረው የሠራበትን ሰዓት አይደለም፣ የሚያስፈልገውን ነው። ጠዋት የገቡት አጉረመረሙ። የተስማሙበት ሳይጎድልባቸው፣ የሌላው ማግኘት አናደዳቸው። እዚህ ጋ ራሳችንን ብንፈልግ አናጣም።

አሁን ምናልባት የምታኮርፉኝን ነገር ልናገር። ስለት። ቁልቢ ሩቅ አይደለም፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጃንጥላ ተሸክሞ፣ ጧፍ ይዞ፣ በግ እየነዳ የሚወጣውን ሰው ፊት አይቼ አላውቅም አልልም፣ አብዛኛው ፊት የምስጋና ፊት ነው። ልጄ ድኖልኛል፣ እንዴት ዝም ልበል የሚል ፊት። ያንን የሚነቅፍ ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። ግን ሌላ ስለትም አለ፣ ራሳችንን እንወቅ፤ «ይሄን ካደረግህልኝ ያንን አደርግልሃለሁ» የሚል፣ እግዚአብሔርን በቀብድ የሚያስር። ጴንጤ ወንድሞቼ አትሳቁ፣ እናንተም ጋ አለ። ዘር ዝራ፣ እጥፍ አድርጎ ይመልስልሃል፣ መኪናዋን በስም ጥራት የሚለው ስብከት ያው ቀብድ ነው፣ ማይክ ይጨመርበታል እንጂ። እኔ ይሄኛው ይብስብኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቀብዱን የሚቀበለው ሰባኪው ነው። አባቱ እንደሚሰጠው የሚያምን ልጅ አባቱን በገንዘብ አይደልልም።

እሺ፣ ከባዱ ጋ ደረስን። እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ እግዚአብሔር ደግነት ተናግሮ ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ዝም ብሎ የሚወርድ ሰው ሐቀኛ አይመስለኝም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም ወይም ጡት ትጠቡ ነበር። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ ደጋው ላይ ሲጥል ውሃው ቁልቁል ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ያን ሌሊት ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሺዎች ቤታቸውን አጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ከአፍ ቶሎ የምታመልጥ ቃል አለች፣ «ቅጣት ነው»። ከየት እንደመጣች አሁን ታውቃላችሁ። ከዚያው ከቀጣሪው አምላክ ነው የመጣችው። ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገድሎ ነበር። ኢየሱስ እነዚህ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል? አይደሉም አለ። አይደሉም! እናንተም ንስሐ ግቡ ብሎ ነገሩን ወደ ቆሙት ሰዎች መለሰው። የሞቱትን በኃጢአታቸው አልመዘነም። ዮሐንስ 9 ላይም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን በደለ ሲሉት፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ስለዚህ ልጇን ጎርፍ ለወሰደባት እናት ቅጣት ነው የሚል ሰው በክርስቶስ ስም አይናገር።

«ታዲያ ለምን?» ትሉኛላችሁ። ኢየሱስ ግንቡ ለምን እንደወደቀ አልተናገረም፣ እኔም አልጨምርበትም። አንድ ነገር ግን አለኝ። ማርቆስ 14 ላይ በጌቴሴማኒ «አባ አባት ሆይ፣ ሁሉ ይቻልሃል፤ ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ብሎ ጸለየ። አባት ብሎ ነው የጠየቀው። የሚወደድ ልጅ ነው። ጽዋው ግን አልተወሰደም። እንግዲህ ጸሎቴ ካልተመለሰ አባቴ አይወደኝም የሚለው ስሌት እዚያ የአትክልት ቦታ ውስጥ ፈርሷል። ጳውሎስም የእግዚአብሔርን ለጋስነት ሊያሳይ ሲፈልግ ሮሜ 8 ላይ ቤትና ሀብት አልጠቀሰም፣ ለገዛ ልጁ ያልራራለት ከእርሱ ጋር ሁሉን እንዴት አይሰጠንም አለ። ማስረጃው መስቀል ነው። ቅስሙ የተሰበረ ሰው ሊጨብጠው የሚችል ሌላ ማስረጃ አላገኘሁም፣ ሥራ ሲገኝ ሥራ ይጠፋል፣ ጤና ሲመጣ ጤና ይሄዳል።

መታመን ማለት ደግሞ ዝም ማለት አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን ክፈቱ፣ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚል አለ። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይደነግጣል፣ ይሄ ልጅ አሳዳጊ የለውም እንዴ ይላል። ጸሎት ላይ ግን የድሬ ልጅ ድንገት ዲፕሎማት ይሆናል። ቃላት ይመርጣል፣ የማይሰማውን ይናገራል። ለምን? ተናደህ ከሆነ ተናድጃለሁ በለው። ፈርተህ ከሆነ ፈርቻለሁ በለው። ቀጣሪ ፊት ነው ፊት የሚስተካከለው።

ሥራስ? ሥራ። አባቴ አለ ብሎ አልጋ ላይ የሚውል ሰው ማቴዎስ 6ን በቅጡ አላነበበም። ወፎቹ አይዘሩም አያጭዱም ይላል እንጂ ጎጆ ውስጥ ተኝተው ይበላሉ አይልም፣ ጠዋት ከማንኛችንም ቀድመው ነው የሚወጡት። ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል። የተከለከለው ጭንቀት ነው። አበው «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ለምድር አባት። እሱ ይሞታል፣ ጀንበሯ ትጠልቃለች፣ ስለዚህ ሩጫ ነው። ያዕቆብ ግን መልካም ስጦታ ሁሉ የሚወርደው ከብርሃናት አባት ነው፣ በእርሱ ዘንድ በመዞር የሚመጣ ጥላ የለም ይላል። ጀንበር የማትጠልቅበት አባት ካለህ ሩጫህ ሌላ ሩጫ ይሆናል። ሥራህን ትሠራለህ፣ ማታ ትተኛለህ። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን ለነገ ሲያሳድሩት ተልቶ ሸተተ፣ ከሰንበት ዋዜማ በቀር። የዕለት እንጀራችንን ስጠን የምንለው በዓመት እንጀራ የምንታመንበት ልማድ ስላለን ይመስለኛል።

መታመንህን የምታውቀው ደግሞ በእጅህ ነው እንጂ በመዝሙርህ አይደለም። ነገ የሚሰጠኝ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬ ያለውን ያካፍላል። ኪራይ ያቃታት ጎረቤት፣ ገንዘብ አጥቶ ትምህርት የተወ የአጎት ልጅ፣ ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ይሄን ብዙ አላወራም፣ ማድረጉ ነው።

ንግግሬ እዚህ አበቃ፣ ከዚያ ጥያቄ ተነሣ። አብዛኛው ስለ ሥራ ማጣት ነበር። አንዱን ብቻ እዚህ ልጻፈው። ከወጣቶቹ መሃል ልጃቸውን አጅበው የመጡ አንዲት እናት ተነሡና፣ ልጄ ታሞብኝ ስለት ተሳልኩ፣ ልጄ ዳነ፣ አሁን ግን ኑሮው ተወደደና ማድረስ አቃተኝ፣ ልጄን መልሶ ይወስድብኝ ይሆን እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም አሉ። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፤ እንደ ድሬ ወግ።

«እናቴ፣ ቃል ቃል ነውና አትናቂው። ግን ነገ ጠዋት የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና ያለሽን እውነት ንገሪያቸው፣ ይሄን ያህል ነው አቅሜ በያቸው። እሳቸው ይመክሩሻል፣ ለዚህ ነው ያሉት። ልጅሽ የዳነው ግን በመያዣ አይደለም። እግዚአብሔር በብድር አልሰጠሽም፣ ዕዳ ዘገየ ብሎ ሕፃን የሚወስድ አበዳሪ አይደለም። ዛሬ ማታ ልጁን እቅፍ አድርገሽ ተኚ።»

ልጅየው አጠገባቸው ቆሞ ነበር፣ ረጅም ጎረምሳ ነው፣ «እቅፍ» ስል አፈረና አዳራሹ ሳቀበት።